ቀይ የበራበት ንጹህ ፋይል

አለቃው ከሰርቨሩ ቁምሳጥን ሥር ተንጋሎ ወድቋል፤ የብረቱን መያዣ የጨበጠበት መዳፉ ጠቁሯል። ከጠባቧ ክፍል ውጭ ሦስት ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ይንቀጠቀጣሉ። ፍርሃት ሁሉ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ መርማሪዋ ይህን ለማወቅ ሃያ ዓመት ፈጅቶባታል።

ድርጅቱ ድረ ገጽ ይሠራል። የሟች የእህት ልጅ የጻፈቻት ፕለጊን፣ ድረ ገጽ ላይ የምትገጠም ትንሽ ፕሮግራም፣ መቶ ደንበኞች ዘንድ ትሠራለች። በዚያ ከሰዓት፣ በየቀኑ በዚያው ሰዓት ፋይሎችን የሚፈትሸው የደኅንነት ስካነር ድንገት ቀይ አብርቶ ፋይሏን ቫይረስ ናት አለ። አለቃው ሮጦ ገባ፣ ቁምሳጥኑን ጨበጠ፣ ኤሌክትሪክ ገደለው። ከመያዣው ጀርባ ሆን ተብሎ የተላጠ ሽቦ ተገኘ። ፖሊሶቹ ልጅቱ ቫይረሷ ሲጋለጥ ገድላዋለች ብለው ካቴና አዘጋጅተውላት ነበር።

«ለምን ራሱ ገባ?» አለች መርማሪዋ።

«ደንቡ ነው፣ እትዬ» አለ ቀጮ የሚሉት ቴክኒሻን። «አንዴ እውነተኛ ቫይረስ አራቁቶናል። እባብ ያየ በልጥ በረየ። ከዚያ ወዲህ ቀይ ከበራ ገመዱን የሚነቅለው እሱ ብቻ ነው።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«ሦስታችንም።»

ወደ ልጅቱ ዞረች። «ፋይሉን መቼ ነካሽው?»

«ከነካሁት ዓመት አልፎኛል። ቫይረስ አልጻፍኩም። ግን ማን ያምነኛል?»

«ልጅ ናት፤ ተሳስታ ይሆናል» አለ የሟች ሸሪክ ላቡን እየጠረገ። «እኔ ቢሮዬ ሆኜ ደንበኞች እያረጋጋሁ ነበር። ስልኬን ማየት ይችላሉ።»

መርማሪዋ ስልኩን አየች። የደወለላቸውንም አንድ በአንድ ጠየቀች።

በማግስቱ ጠዋት ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ፋይሉን ካለፈው ዓመት ቅጂ ጋር አስተያየሁት» አለች። «አንዲት ፊደል አልተለወጠችም። ፋይሉ ካልተለወጠ የተለወጠው ስካነሩ ነው። የፋይሉ መለያ ቁጥር ስካነሩ ቫይረስ ብሎ ወደሚይዝበት ጥቁር መዝገብ ውስጥ ትናንት ጠዋት በእጅ ገብቷል።»

የቀጮ ፊት አመድ መሰለ። «የስካነሩ የይለፍ ቃል እኮ ግድግዳ ላይ ነው የተለጠፈው። ማንም…»

«አይቼዋለሁ፣ አትፍራ። ያስገባው ሰው የአለቃችሁን ሩጫ እንደ ወጥመድ ተጠቅሞበታል። ስለዚህ ቀይ እንደሚበራ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ፈለግሁ። ቀይ የበራው ዘጠኝ ከአርባ ላይ ነው። እርስዎ ግን» አለች ወደ ሸሪኩ ዞራ፣ «ትልቁ ደንበኛ ጋ ዘጠኝ ተኩል ላይ ደውለው ‹ቀይ ብታዩ አትደንግጡ፣ የስካነሩ ስህተት ነው› ብለዋል። ገና ያልበራውን ከየት አዩት?»

ሸሪኩ ዓይኑን ወደ በሩ ወረወረ።

«ሟች ድርጅቱን ለእህቱ ልጅ ሊያስረክብ ነበር። እርስዎ እሱን ለመቃብር፣ እሷን ለእስር አዘጋጁ። ደንበኛው እንዳይሸሽ ግን ቸኮሉ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች።»

ካቴናው ሸሪኩ እጅ ላይ ተቆለፈ። ሲወስዱት ልጅቱ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም።

«ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው» አለች ቀስ ብላ።

«ምኑ?»

«ፋይሉን ከድሮው ቅጂ ጋር ማስተያየት። ያስተማረኝ አጎቴ ራሱ ነው። ቢያምነኝ ኖሮ አይሮጥም ነበር።»

መርማሪዋ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።