በሙርሳል ሰረገላ ላይ የተገኘው ሞራ

ሙርሳል የሞተው በገዛ እጁ በሠራው ሰረገላ ሥር ነው። በአሶሳ የሽቅድምድም ሰረገላ የሚሠራ ሌላ ሰው አልነበረም። ካርቱም ወርዶ ሙያውን ተማረ፤ ተመልሶም ከባዱን እንጨት በቀርከሃ ለወጠና ሃያ ዓመት ማንም አልቀደመውም። ዛሬ ጠዋት አዲሱን ሰረገላ ቁልቁለት ላይ ሲሞክር መንኮራኩሩ ወለቀ፤ ሰረገላው ተገልብጦበት ሞተ።

የዳኛው አጣሪ ሐመድ ሲደርስ የሟች ወንድሞች ገብረ ሥላሴን ዋርካ ላይ አስረውት አገኘ። ሰውየው ከመተከል ደጋ የመጣ ነጋዴ ነው፤ በሽቅድምድም ሁለቴ በሙርሳል ተሸንፏል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሊገድሉት ምለዋል።

«እስቲ ቀስ በሉ! ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ!» አላቸው ሐመድ ተቆጥቶ።

ጎንበስ ብሎ አየ። መንኮራኩሩን ከዘንጉ ጋር የሚይዘው ሽብልቅ ተቆርጦ ጫፉ ብቻ በሞራ ተለጥፎ ነበር። መንኮራኩሩ ሳይወልቅ ላየው ሙሉ ይመስል ነበር። ሞራው ነጭ ነው፤ አይሸትም።

«ሙርሳል መንኮራኩሩን ሞራ ይቀባ ነበር?» ሲል የሟችን ሚስት ዓዲላን ጠየቃት።

«ወላሂ፣ ሰሊጥ ዘይት ብቻ! ሞራ የሚቀባው ያ የታሰረው ሐበሻ ነው።»

የሙርሳል የሥራ ባልደረባ ኻሚስም «አገር ያውቃል» አለ።

«አልክድም ጌታዬ፣ ሞራ እቀባለሁ» አለ ገብረ ሥላሴ። «ግን ሁዳዴ ከገባ አርባ ቀናችን ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቴ አልታረደም።»

ሐመድ የእስረኛውን ሰረገላ ሄዶ ዳሰሰ። ሞራው ቢጫ ነው፤ ክርፋቱ አያስጠጋም። ተመልሶ ዓዲላን «በዚህ ሳምንት ሰፈራችሁ ማን አረደ?» አላት።

«ኻሚስ ብቻ። ትናንት፣ ለልጁ ስም ማውጫ በግ አረደ።»

ሐመድ ሁሉንም ዋርካው ሥር ሰበሰበ።

«ገዳዩ ሞራ የመረጠው ገብረ ሥላሴ እንዲጠረጠር ነው። ግን ክርስቲያን በሁዳዴ እንደማያርድ ዘነጋ፤ እንዲህ የሚሳሳት የእኛው ሰው ነው። ይሄ ሞራ ትኩስ ነው፤ ትኩስ ሞራ ያለው ደግሞ አንድ ቤት ብቻ። ሰረገላውን ቢነካካ ማንም ‹ምን ታደርጋለህ?› የማይለውም ያው የዚያ ቤት ሰው ነው። ኻሚስ፣ ተሳሳትኩ?»

ኻሚስ በጣቱ ወደ ሰረገላው እየጠቆመ ጮኸ። «ቀርከሃውን ያሰብኩት እኔ ነኝ! ሃያ ዓመት ሙሉ ‹የሙርሳል ሰረገላ› ሲባል ሰማሁ። አንድ ቀን ስሜን የጠራ አለ?»

ዓዲላ ቀረበችው። አላለቀሰችም።

«ትናንት ልጅህን ታቅፎ ስም ያወጣለት እሱ ነው» አለችው። «ሞራው የዚያው በግ ነው?»

ሐመድ ገብረ ሥላሴን በእጁ ፈታውና ኻሚስን በዚያው ገመድ አሰረው። ገብረ ሥላሴ የደነዘዘ እጁን እያሻሸ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ሊገድሉት ከነበሩት ወንድማማቾች ጋር ሬሳውን ለማንሳት ሄደ።