የአባባ ፓንዴሊስ አጥንት ለምን ጠቆረ

የመጀመሪያው አጥንት ከጉድጓዱ ሲወጣ ሴቶቹ ጸጥ አሉ። እስከዚያ ድረስ ሟቹን በስማቸው እየጠሩ፣ «ወደ ብርሃኑ ውጣልን» እያሉ ሲያለቅሱ ነበር። ቆፋሪዋ አጥንቱን በነጩ ጨርቅ ላይ አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። አጥንቱ ጥቁር ነው፤ አፈር የነካው ዓይነት ጥቁረት ሳይሆን እስከ ውስጡ ድረስ የዘለቀ።

በዚያ መንደር ሰው ከተቀበረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አጥንቱ ይወጣል፣ በወይን ጠጅ ይታጠባል፣ በሣጥን ሆኖ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ይቀመጣል። አጥንቱ ነጣ ካለ ነፍሱ አርፋለች ማለት ነው። ከጠቆረ ግን ሟቹ ሳይናዘዘው የሄደ ኃጢአት አለ። ይህን ጮክ ብሎ የተናገረ አልነበረም፤ መናገርም አላስፈለገም።

የአሥራ አራት ዓመቷ አርጊሮ የወይን ጠጁን ማሰሮ ይዛ ከአያቷ ጎን ቆማለች። ያስደነገጣት ቀለሙ ሳይሆን ሽታው ነው። ከጉድጓዱ የሚወጣው መራራ ሽታ የመቃብር አልነበረም። የቤታቸው ሽታ ነበር።

አያቷ እማማ ኤፍታሊያ የባላቸውን አጥንት አጠቡ። ደግመው አጠቡ። ወይን ጠጁ አለቀ፤ አጥንቱ ግን ያው ነው። በመጨረሻ ጎንበስ አሉና ለባላቸው ብቻ የሚነግሩ ይመስል፣ «ፓንዴሊስ፣ ምን ደብቀኸኝ ነው የሄድከው?» አሉ።

ቄሱ አጥንቱ ተመልሶ ይቀበር፣ ለሟቹም ጸሎት ይደረግ ብለው ወሰኑ። አርጊሮ አባቷን ስታማቲስን ቀና ብላ አየችው። አባቷ ጫማውን እያየ ነበር።

ቤተሰቡ የሚተዳደረው በወይራ ዘይት መጭመቂያ ነው። ወይራው ሲጨመቅ ዘይቱ በአንድ በኩል፣ ጥቁር መራራ ውኃው በሌላ በኩል ይወጣል። ያ ውኃ ዓሣ ይገድላል፣ የነካውንም ያጠቁራል። ስለዚህ ሕጉ ወለሉ ላስቲክ በተነጠፈ ኩሬ ተጠራቅሞ በፀሐይ እንዲተን ወይም በተፈቀደ ማሳ ላይ በጥቂቱ እንዲረጭ ያዛል። አባባ ፓንዴሊስ በሕይወት ሳሉ በጋሪ እየጫኑ፣ ወገባቸውን እየያዙ፣ በየማሳው ሲረጩት ኖረዋል። ልጃቸው ስታማቲስ ግን ለዚህ ጊዜም ትዕግሥትም አልነበረውም። ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ቁጥር በወንዙ ዳር ሸምበቆ ውስጥ የቀበረውን ቧንቧ ይከፍትና የኩሬውን ውኃ ወደ ወንዙ ይለቀዋል፤ ጎርፉ ጠራርጎ ይወስደዋል ባይ ነው። አርጊሮም ሸምበቆውን ገለጥ አድርጋ ትይዝለት ነበር።

ወንዙ ግን ሁሉንም አይወስድም። መካነ መቃብሩ ጋ ሲደርስ ይታጠፋል፤ እዚያ ላይ ዳር ዳሩን ወደ አፈሩ ይሰርጋል። ለወንዙ የቀረበው የመጨረሻው መቃብር የአባባ ፓንዴሊስ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽታው አርጊሮን አልለቅ አላት። ጸጉሯን ስትታጠብ ይሸታታል፣ ዳቦ ስትቆርስ ይሸታታል። እማማ ኤፍታሊያ ደግሞ አመሻሽ ላይ መጭመቂያው በር ላይ እየተቀመጡ ባላቸውን አየሁት ማለት ጀመሩ። እጁ እስከ ክርኑ ጠቁሮ ማሽኑ አጠገብ ይቆማል፣ ዝም ብሎ ያየኛል ይላሉ። አርጊሮ በሙታን መንፈስ የምታምን ልጅ አልነበረችም። ሆኖም በዚያ በር ስታልፍ ወደ ማሽኑ ላለማየት አንገቷን ታዞራለች።

ትምህርት ቤትም ወሬው ቀድሟት ደርሷል። ስትራቶስ የሚባለው የክፍሉ ቀልደኛ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ «አርጊሮ፣ ሽማግሌው ምን አጥፍተው ነው? ሰው ገድለው ነው ወይስ የቤተ ክርስቲያን ሻማ ሰርቀው?» አላት። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልክ ታስገባው ነበር። ያን ቀን ግን ቦርሳዋን አስቀምጣ ደብተሯን ገለጠች።

ከሁሉ የከፋው የአያቷ ነገር ነው። እማማ ኤፍታሊያ እህል ከአፋቸው አልገባ ብሎ፣ የባላቸውን ዕድሜ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየበረበሩ ኃጢአት ይፈልጉ ጀመር። ከወንድሙ ጋር የተጣላው በእውነት ስለ ድንበር ነበር? እኔን ከማግባቱ በፊት የከዳት ልጅ ትኖር ይሆን? አንድ ቀን አርጊሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የአባባ ፓንዴሊስን ፎቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው ዞሮ ተሰቅሎ አገኘችው።

«ቀና ብዬ ላየው አቃተኝ፣ የኔ ልጅ» አሉ አያቷ።

አርጊሮ በቀጥታ ወደ መጭመቂያው ሄደች። አባቷ የማሽኑን ቀበቶ እያጠበቀ ነበር።

«አባዬ፣ ንገራት።»

«ምኑን?»

«የምታውቀውን።»

ስታማቲስ በእጁ የያዘውን መፍቻ አስቀምጦ ዙሪያውን ቃኘ። «ለእሷ ነገርኩ ማለት ለመንደሩ ነገርኩ ማለት ነው። ማክሰኞ ደግሞ የመንግሥት ተቆጣጣሪዋ ትመጣለች። ወይራው በደረሰበት ሰዓት መጭመቂያው ቢታሸግ ምን ልንበላ ነው? እናቴ ታዝናለች፣ ከዚያ ይወጣላታል። አባቴ እንደሆነ ሞቷል፣ ከእንግዲህ የሚጎዳው ነገር የለም።»

ይህን ሲል ድምፁ ተሰነጠቀ። ቶሎ ብሎ ከማሽኑ ስር አንድ የብረት እጀታ አውጥቶ ሰጣት። የቧንቧው መክፈቻ ነው። ተቆጣጣሪዋ የልጅ መኝታ ክፍል አትፈትሽምና አልጋሽ ስር ደብቂው አላት። አርጊሮም ደበቀችው። ከዚያ ወዲያ ግን እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም። ብረቱ ከፍራሹ ስር የሚተነፍስ ይመስላት ነበር።

ማክሰኞ ተቆጣጣሪዋ ወይዘሪት ዛፊሪ የላስቲክ ቦት ጫማ አድርገው ከከተማ መጡ። አርጊሮ ከመኝታ ክፍሏ መስኮት ታያቸዋለች፤ ንግግራቸውም ይሰማታል። ኩሬውን ዞሩ፣ ላስቲኩን በእንጨት ነካ ነካ አደረጉ፣ በዚህ ሁሉ ዝናብ ኩሬው እንዴት እንዳልሞላ ጠየቁ። አባቷ ፀሐይ እያተነነው ነው አለ። ወይዘሪት ዛፊሪ ሰማዩን አንጋጠው አዩ። ፀሐይ ከታየች ሳምንት አልፏታል።

«ሌላ መውጫ የለውም?»

«የለውም።»

«አቶ ስታማቲስ፣ ሕጉ የወጣው እርስዎን ለማስራብ አይደለም። ከእርስዎ በታች ያለው እንዳይጎዳ ነው።»

«ከእኛ በታች ማን አለ ብለው ነው?» አለ አባቷ። «ሰው አይኖርም። ሙታን ብቻ ናቸው።»

ይህን የተናገረው ሳያስበው ነበር። ከአፉ ሲወጣ ግን ራሱም ደነገጠ። ግቢው ውስጥ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡት እማማ ኤፍታሊያ ሻርፓቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ።

አርጊሮ አልጋው ስር እጇን ሰደደች። ብረቱን ሳትሸፋፍነው ይዛ ደረጃውን ወረደች፣ በአባቷና በተቆጣጣሪዋ መካከል አልፋ አያቷ እግር ስር ተንበረከከች።

«እማማ፣ ጫማሽን ላድርግልሽ። ሸምበቆው ጋ የማሳይሽ ነገር አለ።»

«የያዝሽው ምንድን ነው?»

«አባባን ያጠቆረው ነው።»

አባቷ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ የሚከለክላት መስሏት ነበር። እሱ ግን ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ከዘራ አንስቶ ለእናቱ አቀበላቸውና አብሯቸው ሄደ። ተቆጣጣሪዋም ተከተሉ።

አርጊሮ ሸምበቆውን ገለጠችው። ከቧንቧው አሁንም ጥቁር ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፤ ከስሩ ያለው ድንጋይ በሙሉ ጠቁሯል። እማማ ኤፍታሊያ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ነከሩ፣ አሸተቱት፣ ከዚያም በወንዙ መሄጃ ቁልቁል እስከ መቃብሩ ድረስ በዓይናቸው ተከተሉት። ቀና ሲሉ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ስታማቲስ፣» አሉ፣ «ሂድና የአባትህን ፎቶ አዙር።»

ስታማቲስ አንገቱን ደፍቶ ወደ ቤት ሄደ። ብረቱ አርጊሮ እጅ ላይ ቀርቷል፤ ስጪኝ ያላት ሰው አልነበረም። እሷው ራሷ ለወይዘሪት ዛፊሪ ዘረጋችላቸው።