አስተርጓሚዋ ሥራ የፈታችበት ቅዳሜ

እናቱ ከተቀበረች ወዲህ ጎሚስታው አላለቀሰም። ጎማ ይፈታል፣ ይለጥፋል፣ አየር ይሞላል፤ ማታ የቀረበለትን ይበላል፣ ይተኛል። እህቱ፣ «አንተ ልጅ፣ ድንጋይ ነህ እንዴ? እንደ ሰው አልቅስና ይውጣልህ!» ትለዋለች። ቢወጣለት እሱም በወደደ፤ ግን የሚወጣ ነገር አጣ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፊልም ቤት የገባውም ጨለማ ውስጥ «በረታህ?» ብሎ የሚጠይቅ ስለማይኖር ነው። በየቅዳሜው እዚያ የሚሰበሰብ አንድ የፊልም ክበብ የፈረንሳይን ሲኒማ ታሪክ ከቅርቡ ጀምሮ ወደ ኋላ እየተጓዘ ያሳያል። ከስክሪኑ ግርጌ፣ በትንሽ መብራት ሥር፣ አንዲት ልጅ ማይክ ይዛ ትተረጉማለች፤ አፍቃሪውንም፣ አሮጊቷንም፣ ፖሊሱንም በዚያው በአንድ ለስላሳ ድምፅ።

ሲወጣ በሩ ላይ ያዘችው።

«ሰው ሁሉ ፊልሙን ሲያይ አንተ እኔን ነው የምታየው። ምን ሆንኩብህ?»

«ፊልሙ አይገባኝም።»

«እየተረጎምኩልህ?»

«ቃሉማ ይገባኛል። ሌላው ነው።»

ሳቋ መጣ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው እስከ ታክሲ ተራው ይሸኛታል፤ እሷም መንገድ ለመንገድ ታስተምረዋለች። ካሜራ በትከሻቸው ተሸክመው ከስቱዲዮ ስለወጡት ወጣቶች ነገረችው። ከእነሱ በፊት ስለነበሩትና ጉሙን ሳይቀር ስቱዲዮ ውስጥ ስለሚሠሩትም አወራችው።

«አፋቸውን ተወውና እጃቸውን እይ» ትለዋለች። «ሰው አፉን ይጠብቃል፤ እጁን ግን ይረሳዋል።»

እሱም ማየት ለመደ። ፊልሙ ደስ ይለው ጀመር ማለት ይከብዳል፤ ግን ቅዳሜን ይጠብቅ ነበር።

አንድ ቀን ታክሲው በር ላይ ቆማ፣ «ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ» አለችው። «ከመጨረሻው ፊልም በኋላ መልስ እሰጣለሁ ብያቸዋለሁ። ልሂድ?»

«እንደፈለግሽ።»

ትክ ብላ አየችው። «ድንጋይ ነህ ትለኛለች ያልከኝ እህትህ አልተሳሳተችም» አለችና ገባች።

ቆሞ ቀረ። ሊያመው ይገባ እንደነበር ያውቃል። አላመመውም። ያስፈራውም ይኸው ነበር።

የመጨረሻው ቅዳሜ የድምፅ አልባዎቹ ፊልሞች ነበር። የሚተረጎም ስለሌለ ማይኩ ገመዱን ተጠቅልሎ ተቀምጧል። መብራቱ ሲጠፋ መጥታ ከጎኑ ተቀመጠች፤ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። ሰላም አላለችውም።

ካሜራው ካለበት አይነቃነቅም። ሴቶች ግቢ ውስጥ ልብስ ያሰጣሉ፤ ሁሉም ከሞቱ ስንት ዘመናቸው። አንደኛዋ ድንገት ካሜራውን አየችና አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች።

«እናቴ እንዲህ ነበር የምትስቀው» አለ ጎሚስታው። «የፊት ጥርሷ ወልቆ ስለነበር ታፍራለች።»

ስለ እናቱ አፉን ሲከፍት ይህ የመጀመሪያው ነው። እንባ አልመጣም። ውስጡ ግን አንድ ነገር ተነቃነቀ፤ ተመልሶ ሳይቀመጥበት ቶሎ ብሎ፣

«አትሂጂ» አለ።

ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ በዚያ በማይክ ድምጿ፣

«ሰውየው አትሂጂ ይላል» አለች።

«ሴትየዋስ?»

ሴትየዋ ምንም አላለችም። እሱም እንዳስተማረችው አፏን ተወና እጇን አየ። እጇ ቦርሳውን ቀስ ብሎ ከጭኗ አነሳና ወንበሩ ሥር አስቀመጠው።