የሰባት ዓመት ገመድ

በሰልሞራ መንግሥት፣ በአንድ የአዝመራ ማለዳ ወንዙ ሽቅብ ተነሣ። ውኃው ከአለቱ ተላቆ እንደ ጭስ ወደ ሰማይ ወጣ፤ በሬዎች ከነቀንበራቸው ተንሳፈፉ፤ እናቶች ልጆቻቸውን ከምሰሶ ጋር አሰሩ። ክብደት ከምድር እየሸሸ ነበር።

ጥንታዊው ትንቢት እንዲህ ይላል፦ «ዓለም ሲፈጠር ሕጉ አንድ ነበር። ሰዎች ለሁለት ከፈሉት፤ በዓለም እትብት ዳግም ካልተጋጠመ የከበደው ሁሉ ይበተናል።» የታላላቁን ነገር ሕግ የከዋክብት ቤት፣ የረቂቁን ሕግ የትቢያ ቤት ይጠብቁ ነበር። አንዱ የሌላውን መጽሐፍ ላይገልጥ ምሏል።

ወጣቷ ግንበኛ ኤርሞላ በንጉሡ ፊት ቆመች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ከየቤቱ አንድ ሊቅ ይስጡኝ። የግንብ ማቅኛ ቱንቢዬ ቀጥ ብሎ እስኪወርድ ጣሪያ ሥር አልተኛም፤ ብከዳ ምድር አትቀበለኝ።»

ከከዋክብት ቤት ዶራም፣ ከትቢያ ቤት አረጋዊው ቃንዲስ ተከተሏት። ሐርባ በሚባሉ ባለ አራት ክንፍ አውሬዎች ጀርባ ላይ ሆነው የእሳት ባሕር ሲሻገሩ እንኳ የሊቃውንቱ ክርክር አላባራም።

«አንተ ተራራውን ታያለህ፤ ላዩ ላይ ያለችውን ቁንጫ ግን አታይም» ይላል ቃንዲስ።

«ቁንጫ ቆጥሮ ሊቅ የሚባለው ያንተ ቤት ብቻ ነው» ይመልሳል ዶራም።

«አባቶቼ፣ ስትጣሉ ብትወድቁ አልይዛችሁም» አለች ኤርሞላ።

በአርባኛው ቀን ከእትብቱ አፋፍ ደረሱ። ጥቁር ገደል ነው፤ ከሥሩ ዓለም የጀመረባት፣ ከአቧራ ቅንጣት የምታንስ ነጥብ አለች። ሁለቱን ሕግ የሚያጋጥመው ቃል የሚነበበው እዚያ ወርዶ ነው።

ቃንዲስ ገመዱን ወገቡ ላይ አሰረ። «ረቂቅ ማንበብ የእኔ ሥራ ነው። ኤርሞላ ባስተማረችኝ የግንበኞች ምልክት፣ ገመዱን እየሳብሁ ቃሉን እልክላችኋለሁ።»

የዶራም ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰለሰ። «ወንድሜ፣ እዚያ ታች ጊዜ ይከብዳል። ያንተ አንድ ትንፋሽ ለእኛ ዓመት ነው። የወረደም አይወጣም።»

«አውቃለሁ። መጽሐፍህን ሰርቄ አንብቤዋለሁ» አለና ወረደ።

በመጀመሪያው ቀን ገመዱ መቶ ጊዜ ተሳበ፤ በሁለተኛው ወር አንዴ፤ ከዚያ በዓመት አንዴ። ኤርሞላ አልለቀቀችም። መዳፏ ቆስሎ ሻረ፤ ሽሮም እንደ ቀንድ ደደረ። ዶራም እያንዳንዷን ቃል ጻፈ።

በሰባተኛው ዓመት የመጨረሻዋ ቃል መጣች። ዶራም ሁለቱን ሕግ አጋጥሞ ጮክ ብሎ አነበበው። ቱንቢው ቀጥ አለ። ወንዞች ከሰማይ ወርደው በየመሄጃቸው ተኙ፤ ከሩቅ የሰልሞራ ነጋሪት አስተጋባ።

«ቃንዲስ እንዳሸነፍን ሳያውቅ ሊቀር ነው?» አለች ኤርሞላ።

«ገመዱን ሳቢ» አላት ዶራም፣ እንባው ጢሙን እያራሰ። «ወደ ታች የሚላክ አይዘገይም። ሰባት ዓመታችን ለእሱ ሰባት ትንፋሽ ናት፤ መልሱ እጁን ከገመዱ ሳያነሳ ይደርሰዋል።»

ኤርሞላ በሁለት እጇ ሦስት ጊዜ ሳበች። በግንበኞች ቋንቋ፣ ግድግዳው ቆሟል ማለት ነው።