ያልተመታው በርሜል

ሲኞር ኦቶሪኖ ሴራሊ እግሩ ወደ ጣሪያ፣ ራሱ ወደ ወይን ሆኖ በገዛ ቪላው የወይን ጓዳ፣ በር አጠገብ ካለው ትልቅ በርሜል ውስጥ ተገኘ። «እኔ የምሞተው ወይን ውስጥ ነው» እያለ ሲፎክር የኖረ ሰው ነው፤ የጣሊያኗ የወይን አገር የኪያንቲ ሰው ግን ቀልድ ይመስለው ነበር። ያን እሑድ አገሬው መንደር ውስጥ የወይን ለቀማውን ማብቂያ ሲያከብር ውሎ፣ የቪላው ሰዎች ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲመለሱ አገኙት። ሬሳውን ያወጡት አራት ሰዎች ናቸው፤ በመንደሩ ወሬ ግን እስከ ማታ አሥራ አራት ደርሰዋል።

በቪላው ያረፈችው የፖሊስ ሻምበል ኑንዚያታ ካሶላ የመጣችው ጉልበቷን ልታስታምም ነበር። ስለ አፍንጫዋ ብዙ ይወራል፤ የሌባ ካልሲ አሽትታ የእናቱን ስም ነገረችው ይባላል። እውነቱ ግን ዝም ብላ ማየት ታውቅበታለች።

«ጋዙ ነው የገደላቸው» አለ ላፖ፣ ቪላውን ለእንግዳ የሚያከራየው የሟች አማች። «ወይን ሲፈላ መስኮት ካልተከፈተ ሰው እንደ ዝንብ ይረግፋል። መስኮት መክፈት ደግሞ የሴቲሚዮ ሥራ ነው። ይኸው ሁሉም ተዘግተው ተገኙ።»

ሴቲሚዮ የወይን ጓዳው ጠባቂ ነው። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ቀኝ ክንዱ ከተሰበረ ሳምንት ሆኖታል፣ በጨርቅ አንገቱ ላይ ታስሯል። ፖሊሶች ግቢው ውስጥ መኪና አቁመው ይጠብቁታል። ከሄደ እስር ቤት ነው፤ የተወለደባት የግቢው ጎጆም ለሌላ ትሰጣለች።

«መስኮቶቹን ከፍተው ነበር?» አለችው ሻምበል።

«እንጃ፤ አርጅቻለሁ» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ትናንት እራት ላይ ምን በላን?»

«ጥንቸል። ጥንቸል አይረሳም።»

«መስኮት ይረሳል ማለት ነው።»

ሴቲሚዮን አስከትላ ወደ ጓዳው ወረደች። አራት በርሜሎች ቆመዋል። ወይን ሲፈላ ልጣጩ ወደ ላይ ይወጣና ቆብ ይሠራል፤ በየስድስት ሰዓቱ በዘንግ ተመትቶ ካልሰመጠ ወይኑ ኮምጣጤ ይሆናል። እጅጌዋን ሰብስባ በየቆቡ ላይ ጣቷን ሰደደች።

«ክንድዎ ከተሰበረ ወዲህ ማነው የሚመታው?»

«ራሱ ኦቶሪኖ። ዛሬም ሲነጋ አራቱንም ሲመታ አይቻለሁ።»

«ከየትኛው ይጀምራል?»

«ከአያት ነዋ» አለ፣ ሬሳው የወጣበትን በርሜል በአገጩ እያሳየ። «አያትን ሳይመታ ሌላውን የሚነካ በዚህ ቤት አልተወለደም።»

የሟች ልጅ፣ የላፖ ሚስት ፊያሜታ፣ ሳሎን ተቀምጣ ብርጭቆዋን በጣቶቿ ጫፍ ይዛለች።

«እኔ ፍሎረንስ አክስቴ ጋ ነበርኩ። ጓዳውን አላውቀውም። አባቴ ሴት ከገባች ወይኑ ይኮመጥጣል ይል ነበር።»

«የወይን እርሻውን ለማን ሊያወርሱት ነበር?»

«ለማንም። ነገ ሊሸጠው ነበር። ወይኑ ተነቅሎ የመዋኛ ገንዳ ይቆፈራል።»

«ምን ታደርጊዋለሽ» አለ ላፖ። «እንግዳ ወይን ውስጥ አይዋኝም።»

ለአሥራ ሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ሻምበል ሁሉንም ጓዳ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሲኞር ላፖ፣ የአያትን ቆብ ይንኩት።»

«ሬሳው ከገባበት ጎን በቀር ደርቋል። የጫማ ሶል ይመስላል።»

«ሌሎቹንስ?»

«እርጥብ ናቸው።»

«ሲኞር ኦቶሪኖ ስድስት ሰዓት ላይ ሊመታ ወረደ። ከአያት ሊጀምር ጎንበስ ሲል ሞተ፤ ስለዚህ አያት ሳይመታ ቀረ። ሦስቱን ማን መታቸው? ሬሳ ዘንግ አያነሳም።»

ሻምበል በጣቷ ወደ አያት ጠቆመች።

«አንድ ሰው እነዚያን እግሮች እያየ ሦስቱንም መታ። ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። ጋዙ ታፍኖ ቢሆን ሁለት ሬሳ ነበር የምናገኘው። መስኮቶቹ ክፍት ነበሩ፤ የተዘጉት በኋላ ነው።»

«ታዲያ ሴቲሚዮ ነዋ» አለ ላፖ።

«በአንድ እጁ? እስቲ እርስዎ ዘንጉን ያንሱት።»

ላፖ በሁለት እጁ አነሳው፣ ተንገዳገደ፣ አምፖሉን ሊሰብር ምንም አልቀረው።

«እርስዎም አይደሉም። ስድስት ሰዓት ላይ መንደር ሲጨፍሩ አይቻለሁ፤ ባላይ ይሻለኝ ነበር።» ዘወር አለች። «ነፍሰ ገዳይ ይሮጣል። ይኸኛው ግን ወይኑ እንዳይበላሽ ቆየ። የገደለውም ለወይኑ ብሎ ነው። ሲኞራ፣ መዳፍዎን ያሳዩኝ።»

ፊያሜታ እጆቿን ዘረጋች። ሁለቱም መዳፎች ውኃ ቋጥረዋል።

«ዘንግ መያዝ ማን አስተማረዎት?»

«እኔ» አለ ሴቲሚዮ። «አባቷ ገበያ ሲወጣ፣ በድብቅ። ስትመታ ከቆቡ ዳር ነው የምትጀምረው፤ ቆቦቹን እንዳየሁ አወቅኳት። ተዉኝ፣ እኔ ልሂድ። ለኔ ስንት ቀን ቀረኝ?»

«አባባ ሴቲሚዮ፣ ይብቃዎት» አለች ፊያሜታ። «መስኮቱን ስዘጋ እርስዎን አላሰብኩም። ነገ እፈርማለሁ አለኝና ጎንበስ አለ። ገፋሁት፤ በዘንጉም ያዝኩት። እንደ ቆቡ ወደ ላይ ይመጣል፤ ደጋግሜ መለስኩት።»

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል አሥራ ሁለት ሰዓት መታ። ፖሊሶቹ ሲወስዷት በሩ ላይ ቆመች።

«ሰዓቱ ደረሰ። ማን ይመታቸዋል?»

«ማንም» አለች ሻምበል። «ዘንጉም በርሜሎቹም ማስረጃ ናቸው። ጓዳው ይታሸጋል።»

ለአባቷ ያልወጣው የፊያሜታ እንባ ያኔ ወጣ። ሴቲሚዮ በደህና እጁ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ከፈተ።