የዎን ቴሆ የሥራ ታሪክ በአንድ መስመር

ናም ሶዩል በዚያ ወር ከስድስት ሰዎች ጋር ተጣልታለች። ከአምስቱ ጋር ብዙ ስለጻፉ፣ ከስድስተኛው ጋር ስላልጻፈ።

ሥራው ሲጀመር ቀላል ይመስል ነበር። ቻንግዎን ከተማ ያለው ድርጅታቸው ሃንመል በፀሐይ ኤሌክትሪክ ውሃን ከፋፍሎ ሃይድሮጅን የሚያወጣ ማሽን ይሠራል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ከሴኡል ባለሀብቶች ይመጣሉ፤ ከዚያ በፊት ድረ ገጹ ላይ «የአመራሮቻችን ዳራ» የሚል ገጽ መውጣት አለበት። ባለሀብት ማሽኑን ከማየቱ በፊት የሠራው ሰው የት እንደተማረ ያያል፤ ነገሩ እንዲህ ነው። ሶዩል የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ሠራተኛ ናት። ክፍሉ ማለትም እሷው ናት።

ዋና ሥራ አስኪያጁ አቶ ቾን አራት ገጽ ላኩ። አንደኛ ደረጃ ሳሉ የክፍል አለቃ እንደነበሩ እንኳ አልቀረም። የምርምር ኃላፊው ዶክተር ጊል ጀርመን አገር ያሳተሙትን ሁሉ ከነገጽ ቁጥሩ ደረደሩት። ሌሎቹም ሦስቱ ከዚህ አልተሻሉም። የቴክኖሎጂ ኃላፊው ዎን ቴሆ ግን የላከው ይህን ነበር፤

«ዎን ቴሆ። ብየዳ እችላለሁ።»

ሶዩል ቀሪው ከታች ይኖር ይሆናል ብላ ገጹን ወደ ታች ገፋችው። ምንም የለም። ምሳ ሰዓት እስኪደርስ አልታገሠችም፤ ወደ ወርክሾፑ ወረደች።

«ኃላፊ ዎን!»

ሰውየው የፊት መከላከያውን ወደ ላይ አነሣ። ሠላሳ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የመከላከያው ማሰሪያ ግንባሩ ላይ ቀይ መስመር ትቷል።

«እዚያ ጋ አይቁሙ ወይዘሪት ናም፣ ብርሃኑ ዓይንዎን ይጎዳዎታል።»

«ዓይኔን የጎዳኝ የላኩልኝ ጽሑፍ ነው።»

«ስህተት አለው?»

«አንድ መስመር ነው!»

«እውነት ነው ግን።»

«የት ተማሩ? የት ሠሩ? የፈጠራ ባለቤትነት ማረጋገጫ አለዎት ሲሉ ሰምቻለሁ። ስንት ነው?»

«አራት።»

«አራት! አራት ይዘው ብየዳ እችላለሁ ብለው ዝም?»

«አራቱንም ያገኘሁት ብየዳ ስለምችል ነው።»

ሶዩል በረጅሙ ተነፈሰች። «ማኅደርዎ ላይ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በአንድ መንፈቅ ዓመት እንደተዉት ይላል። ለምን ተዉት?»

መከላከያው ቀጭ ብሎ ወረደ። ከበስተጀርባው የመጣው ድምፅ ግን ለስለስ ያለ ነበር። «ስበላ ነው ማውራት የምችለው። ከበሩ ማዶ ያለው ዓሣ ቤት ይምጡ፤ በቀን አንድ ነገር እነግርዎታለሁ።»

«በቀን አንድ? እኔ የቀረኝ አሥራ አምስት የሥራ ቀን ነው!»

«ታዲያ አሥራ አምስት መስመር ይሆናል። ከአንድ አይሻልም?»

እንዲህ ተጀመረ። ዓሣ ቤቷ አራት ጠረጴዛ ብቻ ነበራት። ሶዩል ብጣሽ ወረቀት ይዛ ትቀመጣለች፤ እሱ ቀይ የዓሣ ሾርባውን እየጠጣ፣ አጥንቱን በሁለቱ ቀጫጭን መብያ እንጨቶች እየለቀመ፣ የለቀመውን ሥጋ ምንም ሳይል እሷ ሳህን ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ አንድ ነገር ይናገራል።

«ማሳን በምትባል የወደብ ከተማ ተወለድኩ፤ አባቴ መረብ ይጠግን ነበር።»

በሁለተኛው ቀን፤ «የሙያ ትምህርት ቤት የገባሁት ምሳ በነፃ ስለሚሰጥ ነው።»

«ይኼን ለባለሀብት ልጻፈው?»

«ምሳው ጥሩ ነበር።»

በአምስተኛው ቀን፤ «መርከብ ፋብሪካ ውስጥ ሽማግሌው አቶ ኩ ዓይኔን አስጨፍነው ብየዳ አስተማሩኝ፤ ጥሩ ብየዳ ዘይት ላይ እንደሚጠበስ ዓሣ ነው የሚንጫጫው።»

በዘጠነኛው ቀን፤ «የመጀመሪያው ማሽናችን አሥራ አንድ ጊዜ አፈሰሰ፤ አሥራ ሁለተኛው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ስላላፈሰሰ።»

ሶዩል ይህን ስትጽፍ እጇ ቀስ አለ። ቀና ስትል እሱ ወደ መስኮቱ ዞሯል። ዝናብ ነበር።

በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ እንዲህ አላት፤ «በመጋቢት ወር አንዲት ሴት ወርክሾፔ ድረስ መጥታ ጽሑፍዎ ዓይኔን ጎዳኝ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ምሳ ሰዓት እስኪደርስ ሰዓት የማይ ሰው ሆንኩ።»

«ይኼ ለድረ ገጽ አይሆንም» አለች፤ ጆሮዋ ድረስ ቀልታ።

«ለድረ ገጽ አልነገርኩም።»

ወረቀቷን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሾርባው ቀዘቀዘ።

እናቷ ቀድሞውንም ጠርጥራለች። በየማለዳው ጎህ ሳይቀድ ለጸሎት ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት የሞላትን ልጇን ጉዳይ ከሌላው ጸሎት ሁሉ የምታስቀድም ሴት ናት።

«ማነው?» አለቻት ማታ።

«የቴክኖሎጂ ኃላፊያችን ነው።»

«የት ነው የተማረው?»

«እማዬ፣ በመጀመሪያ ስሙን እንኳ አትጠይቂም?»

«ስሙን እሱ አልመረጠውም። የት ነው የተማረው?»

«ዎን ቴሆ ይባላል። ገጹ ነገ ይወጣል፤ አንብቢው!» አለች ተሰላችታ። ይህን በማለቷ በኋላ ደጋግማ ተጸጽታለች።

ዓርብ ምሳ አልበላችም። አቶ ቾን ጠዋት ጠሯት።

«ዶክተር ጊል ከዎን በታች? በዕድሜ ይበልጡታል፣ በትምህርትም ይበልጡታል። ከፍ አድርጊያቸው!»

ከፍ አደረገቻቸው። የገንዘብ ኃላፊው ደግሞ ድርጅቱን ከዶክተር ጊል በፊት እንደተቀላቀሉ አስታወሱ፤ እሳቸውም ከፍ አሉ። የሽያጭ ኃላፊው ተቀየሙ። ከሰዓት በኋላ ዶክተር ጊል ተመልሰው ወረዱ፣ ወጡ። ስድስት ሰው ሰባት ጊዜ ተደረደረ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሶዩል ደክሟት፣ ርቧት፣ አምርራ ቁልፉን ተጫነችና ገጹ ወጣ። በመጨረሻው ድርደራ ስምና ፎቶግራፍ ቦታ ሲለዋወጡ ከሥራቸው ያለው ጽሑፍ ባለበት እንደቀረ አላየችም።

ቅዳሜ ማለዳ እናቷ ከጸሎት ስትመለስ በሁለት እጇ የሩዝ ኬክ ይዛ ነበር።

«ምነው ዶክተር ነው ብለሽ አልነገርሽኝም? ጀርመን የተማረ! ጸሎት አብራኝ የምትሄደው ዲያቆናዊት ሃም ደስ ብሏት ይኼን ሰጠችኝ።»

«ማን ነው ዶክተር?»

እናቷ ስልኳን ዘረጋችላት። የቴሆ ፎቶግራፍ፣ የቴሆ ስም፣ ከሥሩ የዶክተር ጊል ጀርመን። ወዲያው የሶዩልም ስልክ ጮኸ፤ ዶክተር ጊል ናቸው።

«ወይዘሪት ናም፣ እኔ ብየዳ አልችልም» አሉ በጣም አዝነው።

በአሥር ደቂቃ ውስጥ አስተካከለችው። ከዚያ ለእናቷ እውነቱን ነገረቻት፤ የሙያ ትምህርት ቤት፣ መርከብ ፋብሪካ፣ ብየዳ። እናቷ የሩዝ ኬኩ ፊት ቁጭ አለች።

«በያጅ።»

«አዎ።»

«ለሴቶቹ ሁሉ ነግሬያለሁ እኮ! ለእግዚአብሔር ሳይቀር ዶክተር ብዬ ነው ያመሰገንኩት!»

«እሱ እንኳ ያውቀዋል፣ እማዬ።»

እናቷ የሩዝ ኬኩን መልሳ ጠቀለለችው።

ቴሆ ግን ገጹን ዓርብ ማታውኑ አይቶት ነበር። ስልክ ስትደውል አላነሣም። እሑድ ማታ አንድ መልእክት ላከ፤ እንደ ልማዱ አንድ መስመር፤ «እንዲህ ሆኜ ብገኝ ይሻል እንደነበር ገባኝ።»

ሰኞ ጠዋት የስብሰባው አዳራሽ በር ላይ ያዘችው። ሙሉ ልብስ ለብሷል፤ በክራቫት የታሰረው አንገቱ የሌላ ሰው መስሏል።

«ስህተት ነው! ሲደረደሩ ሲደረደሩ ነው የተሳሳተው!»

«አሥራ አራት ቀን ሙሉ አዳመጡኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ዓርብ ዕለት ዓሣ ቤት ጠበቅኩዎት። ሳይመጡ ቀሩ፤ ማታ ገጹን ሳየው የቀሩበት ምክንያት የገባኝ መሰለኝ።»

«ምንም አልገባዎትም! እንዴት ያለ ደረቅ ሰው ነዎት!»

በሩ ተከፈተ፤ እንግዶቹ እየገቡ ነው። እሱ ከአመራሮቹ ጋር ተቀመጠ። እሷ እንደ ደንቡ ግድግዳውን ይዛ ኮምፒውተሩ አጠገብ ቆመች። በእንዲህ ዓይነት ስብሰባ የእሷ ደረጃ ሠራተኛ ካልተጠየቀ አይናገርም።

የባለሀብቶቹ መሪ ወይዘሮ ፕዮ የሚባሉ ሽበታም ሴት ነበሩ። የዓርቡን ገጽ በወረቀት አትመው ይዘዋል።

«ዶክተር ዎን» አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ፣ «ጀርመን ስንት ዓመት ቆዩ?»

ቴሆ አፉን ሲከፍት አቶ ቾን ቀደሙት። «ሰባት ዓመት!» አሉ በሰፊው ፈገግ ብለው።

ዶክተር ጊል ጣሪያውን አዩ። ቴሆ ደግሞ ሶዩልን አያት። የተቆጣ ዓይን አልነበረም፤ የሚጠብቅ ዓይን ነበር። ዛሬ ዝም ካለች ያ ሰው ዳግመኛ ስለ ራሱ አንዲት ቃል እንደማይነግራት አወቀች።

«አንድ ቀንም አልቆዩም» አለች።

አዳራሹ ሁሉ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። የያዙት ወረቀት ላይ የሁለት ሰው ታሪክ ተቀያይሯል። የኃላፊ ዎን ይኸውና።» ቦርሳዋን ከፈተች፤ ወረቀቶቹ ሾርባ የነካቸው፣ የተጨማደዱ ነበሩ። ማንበብ ጀመረች። መረቡን፣ የነፃውን ምሳ፣ አቶ ኩን፣ አሥራ አንዱን ፍሳሽ፣ አሥራ ሁለተኛውን እንባ። አሥራ ሦስት አነበበች። አሥራ አራተኛው ጋ ስትደርስ አጥፋ መለሰችው።

ወይዘሮ ፕዮ የያዙትን ወረቀት ገልብጠው አስቀመጡና ቴሆን «አሁንስ ያፈሳል?» አሉት።

«አያፈስም።»

«ያሳዩኛ።»

ወረዱ። ማሽኑን ዙሪያውን አዩት፣ ነካኩት፤ ውሳኔያችንን በአንድ ወር ውስጥ እናሳውቃለን ብለው ሄዱ። እሺም እምቢም አላሉም።

አቶ ቾን ግን ወር አልጠበቁም።

«የጥፋት ማብራሪያ ጻፊ! በቅጹ! ሁሉም አመራር አስተያየቱን ጽፎ ማኅተሙን ይምታበት፤ መጨረሻ ላይ እኔ አየዋለሁ!»

ሶዩል ጻፈች። ድርደራውን፣ ሰዓቱን፣ ቁልፉን ሁሉ ዘረዘረች። ስድስት የማኅተም ሳጥን ያለው ቅጽ ከቢሮ ወደ ቢሮ መዞር ጀመረ። ማታ ቤቷ ስትገባ እናቷ በስልክ ስታወራ ሰማቻት፤ «አይደለም ዲያቆናዊት ሃም፣ በያጅ ነው። ግን ዶክተሮቹ እሱን ሳይጠይቁ አንድ ነገር አይሠሩም አሉ!» ሶዩል ግንባሯን በሩ ላይ አስደግፋ ቆመች። እናቷ እውነቱን ተናግራ እንኳ ትንሽ ሳትጨምርበት አትቀርም።

ረቡዕ ቅጹ ተመለሰ። በመጀመሪያው ሳጥን የቴሆ ማኅተም ነበር። ከጎኑ፣ ለአስተያየት በተተወችው ጠባብ ቦታ፣ እንዲህ ተጽፏል፤

«ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ታሪኬን በጊዜው አልሰጠኋትም። የቀረውን ዕድሜ ልኬን በየቀኑ አንድ አንድ እየነገርኳት ልጨርሰው እፈልጋለሁ፤ ፈቃዷ ከሆነ።»

ከሥሩ የዶክተር ጊል ማኅተም፤ «አይቻለሁ፤ እደግፋለሁ።» የገንዘብ ኃላፊው፤ «ከበጀት ውጪ ነው፤ ተቃውሞ የለኝም።» ሌሎቹ ዝም ብለው መትተዋል። መጨረሻ ላይ የአቶ ቾን ትልቁ ቀይ ማኅተም፤ «ማብራሪያው ተቀባይነት አግኝቷል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ለወደፊቱ በቢሮ ቅጽ አይቅረብ!»

ሶዩል ወረቀቱን ይዛ ደረጃውን በሩጫ ወረደች።

«አምስት ሰው አንብቦታል!» አለች ገና ሳትደርስ። «እኔ ስድስተኛዋ ነኝ!»

መከላከያውን አነሣ። «ቅጹ ወደ ጻፈው ሰው የሚመለሰው መጨረሻ ላይ ነው። ሌላ መንገድ አልነበረኝም፤ ስልክ ላይ መናገር አልችልም።»

«እኔን ማናገርስ አቅቶህ ነው? እዚህ ቆሜልህ!»

ሁለቱም ያለችውን ሰሙ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ብላዋለች። ማሽኑ በቀስታ ያጉረመርማል።

«ሶዩል» አለ፤ ወይዘሪት የሌለበት፣ ናም የሌለበት። «ፈቃድሽ ነው?»

«በመጀመሪያ የዓርቡን ዕዳ ክፈል። አሥራ አምስተኛው መስመር። ዩኒቨርሲቲውን ለምን ተውከው?»

ጓንቱን አወለቀ። አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ጆሮው ቀላ።

«የፈተናው ቀን ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ የማያፈስ ቧንቧ በየድኩ። ደስ ብሎኝ ሌላ በየድኩ። ከዚያም ሌላ። ቀና ስል መሽቷል።»

«ፈተናውን… ረሳኸው?»

«ረሳሁት። በዚያው ወደ ዩኒቨርሲቲው አልተመለስኩም።»

«ይኼ ነው? ሦስት ሳምንት ሙሉ የደበቅከኝ ይኼን ነው? እኔ እኮ ድህነት ይሆን፣ ኀዘን ይሆን ብዬ ሌሊት ሌሊት ስጸልይልህ ነበር!»

«ስለዚህ ነው ያልነገርኩሽ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «አፈርኩ።»

ሶዩል ቅጹን አጥፋ ከአሥራ አራቱ ወረቀቶች ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ልትስቅ ይሁን ልታለቅስ ለራሷም አልገባትም።

«የሠርጋችንን ቀን» አለች፣ «ወርክሾፑን ቆልፌ ቁልፉን ለእናቴ ነው የምሰጣት።»