አፉ የተሰፋ እጅጌ

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ዙሃራ የምትባል ልብስ ሰፊ ብቻዋን ትኖር ነበር። ባሏ ሞቷል፤ ልጅ አላህ አልሰጣትም፤ ያለቻት ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የምትኖር ታናሽ እህቷ ዘኪያ ብቻ ናት። ድሮ በቀበሌው ቤት ሳለች ካሳለች "ይማርሽ" የሚል ጎረቤት አይጠፋም ነበር። ሰፈሩ ፈርሶ ፎቅ ሲገባ ግን በሩ ሁሉ ተዘጋ። ወይ ብቸኝነት! ለግድግዳ ይወራል እንዴ?...

ስኳር ከያዛት ቆይቷል። ዓይኗ መፍዘዝ ሲጀምር ዘኪያ "እታለም፣ ሐኪም ይየው። ስኳር ዓይን ያጠፋል አሉ" ብትላት፣ "ሂጂ እዚያ! ስኳርና ዓይንን ምን አገናኛቸው?" ብላ ተቆጣችና ሜክሲኮ ሄዳ ከመንገድ ላይ መነጽር ገዛች። እሱ ሲፈዝባት ሌላ፤ ደግሞ ሌላ። የማታይ ልብስ ሰፊ ማን ይፈልጋል ብላ ለማንም ትንፍሽ አላለች።

አንድ ቀን ታክሲ ተራው ጋ ዘኪያ አየቻትና ፈገግ ብላ ቆመች። ዙሃራ ፊት ለፊቷ መጥታ... ዝም ብላት አለፈች። "ስለ ዓይኗ በመከርኳት ዘጋችኝ!" ብላ ዘኪያ አኮረፈች፤ ደጇን መርገጥ ተወች። ዙሃራም "እህቴም ጠላችኝ" ብላ እልኋን ዋጠች። ሁለት እልኸኛ ሲኳረፍ ማን ይቅደም?

ዒድ ሲደርስ ግን ሆዷ አልቻለም። እንደ ልማዷ ለዘኪያ ልጅ ለሚስራ ቀሚስ ሰፍታ በሰው ላከች። ዘኪያ ብትገልጠው የአንዱ እጅጌ አፍ ጥርቅም ተደርጎ ተሰፍቷል። ደሟ ፈላ። ቀሚሱን ጨብጣ ሲመሻሽ ሄደች፤ በሩን በርግዳ ገባች።

"ጭራሽ ልጄ ላይ ታሾፊያለሽ?"

ቤቱ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ዙሃራ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ክር በመርፌው ቀዳዳ ልታስገባ ትታገላለች።

"ዘኪያ? አንቺ ነሽ?"

"በጨለማ ምን ትሠሪያለሽ? መብራት ጠፋ እንዴ?"

ዙሃራ ቀና አለች። "እንዴ... አልበራም?"

ያ አላህ! ዘኪያ ቀሚሱን ጥላ አጠገቧ ተንበረከከች። "ታክሲ ተራው ጋ... ቀይ ሻርፕ ለብሼ ነበር እኮ፣ እታለም!"

"ቀይ ነበር? ለእኔ ጥላ ነበርሽ፣ እህቴ..."

በማግስቱ ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። ስኳሩ የዓይኗን የደም ሥር ሳያማት ከውስጥ ጨርሶታል። ቀደም ብላ ብትመጣ ዓይኗ በጨረር ሕክምና ይተርፍላት ነበር።

የዒድ ለት ዘኪያ እጅጌውን ተርትራ ቀሚሱን ለሚስራ አለበሰቻት። ዙሃራ ልጅቷን ከትከሻ እስከ ጫፍ ዳበሰቻትና "ያምርባታል?" አለች። ሁሉም ያለቅሳል።

የአላህ ሥራ ነው ይባላል፤ አዎ ነው። ግን እኔ እላለሁ፦ ዘመዳችሁ ሰላም ሳይላችሁ ካለፈ፣ ከመኮረፋችሁ በፊት ስሙን ጠርታችሁ ያዙት። ማን ያውቃል... መሽቶበት ይሆናል።